ፕለጊኑ ይሰማል፣ አይታይም፦ የትኛውን መፍትሔ ልምረጥ?

የሙዚቃ ሶፍትዌራችሁ (ሪፐር፣ ኪዩቤዝ፣ ኤብልተን ወይም ኤፍኤል) ውስጥ ፕለጊን፣ ማለትም ድምፅ የሚያስተካክል ወይም የሚያወጣ ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ከፍታችኋል። ድምፁ ይሰማል። መስኮቱ ግን ጥቁር ነው። ወይም ግማሹ ከስክሪኑ ውጭ ቀርቷል። ወይም ማውዙን አንዱ በተን ላይ ስታደርጉ የሚነካው ጎን ያለው ነው። ዘፋኙ ማይክ ፊት ቆሟል፣ እናንተ ኢኪው (የድምፁን ቀጭንና ወፍራም ማስተካከያ) መክፈት አቅቷችኋል።

ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ቤታቸው ውስጥ ስቱዲዮ የከፈቱ ልጆች ይህን ያውቁታል። ዕቃው ይመሳሰላልና። ሁለተኛ እጅ ላፕቶፕ፣ አንድ ሳውንድ ካርድ፣ አንድ ማይክ፣ ሲገኝ ደግሞ በኤችዲኤምአይ የተሰካ ቴሌቪዥን። የጥር ሰርግ ሲቃረብ ሥራ ይበዛል፣ ለሙከራ የሚሆን ጊዜ ይጠፋል። ላፕቶፑን ኮምፒውተር ቤት ስትወስዱት ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መልስ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ።»

እባካችሁ አታስደርጉ። ፎርማት ማለት ፕለጊኖቹን፣ ላይሰንሶቹንና ፕሪሴቶቹን (ያስቀመጣችኋቸውን ማስተካከያዎች) ሁሉ እንደገና መጫን ማለት ነው። ያን ሁሉ መልሶ ለማውረድ ስንት ፓኬጅ እንደሚያልቅ ታውቁታላችሁ። ጣሪያ ስላፈሰሰ ቤት አይፈርስም። እንዲያውም ከፎርማት በኋላ ችግሩ የሚብስበት ጊዜ አለ፤ ለምን እንደሆነ ድራይቨር (ዊንዶውስ ግራፊክስ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም) ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

እኔ የምከተለው መንገድ ቀላል ነው። ትንሹን ቦታ የሚነካውን መፍትሔ አስቀድማለሁ። አንዱን ፕለጊን ብቻ የሚነካ መፍትሔ ካለ ሶፍትዌሩን አልነካም። ሶፍትዌሩን ብቻ የሚነካ ካለ ዊንዶውስን አልነካም። ድራይቨር ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከታች ያሉት አማራጮችም የተደረደሩት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

አንድ የሚያረጋጋ ነገር ልጨምር። ፕለጊን ውስጥ ድምፁን የሚያሰላው ክፍልና ሥዕሉን የሚስለው ክፍል ለየብቻ ነው የሚሠሩት። መስኮቱ ጥቁር ስለሆነ ብቻ ሚክሱ አይበላሽም። ፕሮጀክቱን ኤክስፖርት ብታደርጉት ድምፁ ልክ እንደሰማችሁት ይወጣል።

መጀመሪያ ምልክቱን ለዩ

ሁሉም የስክሪን ችግር አንድ ዓይነት አይደለም። መፍትሔውም የሚመረጠው በምልክቱ ነው።

መስኮቱ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ወይም ነጭ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ግራፊክስ ካርዱ ነው። ብዙ ዘመናዊ ፕለጊኖች ሥዕላቸውን የሚስሉት ኦፕን ጂኤል በሚባለው ዘዴ ነው። ካርዱ ወይም ድራይቨሩ ያንን በትክክል ካልደገፈ የሚሳል ነገር የለም።

ጽሑፉ በጣም ካነሰ፣ ከደበዘዘ፣ ጠርዙ ከተቆረጠ ወይም ክሊኩ ቦታ ከሳተ ጉዳዩ የስኬል ነው። ዊንዶውስ ስክሪኑን በ125 ወይም በ150 ፐርሰንት ሲያሳድግ ፕለጊኑ አልሰማም ማለት ነው። የድሮ ፕለጊኖች የተሳሉት ለ100 ፐርሰንት፣ ማለትም በአንድ ኢንች ለ96 ነጥብ ነው። ከዚያ ውጭ ስላለው ስክሪን አያውቁም።

ሜትሩ እየተንቀረፈፈ የሚሄድ ከሆነ፣ ወይም ኖቡን ስታዞሩት ሥዕሉ ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ ግራፊክሱ ከብዶታል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ደካማ ላፕቶፕ ላይ የከበደ ሥዕል ድምፁንም እንዲቆራረጥ ሊያደርገው ይችላል።

መስኮቱ ጭራሽ የማይገኝ ከሆነ ደግሞ ቴሌቪዥኑን አስቡት። ትናንት እሱ ላይ ከፍታችሁት ነበር። ዛሬ ቴሌቪዥኑ ተነቅሏል። ፕለጊኑ ግን አሁንም እዚያው፣ በሌለ ስክሪን ላይ እየተከፈተ ነው።

ምልክቱን ካያችሁ በኋላ ሦስት አጭር ሙከራ አድርጉ። እዚያው ፕሮጀክት ላይ ሌላ ድርጅት የሠራውን ፕለጊን ክፈቱ። ደህና ከሆነ ጥፋቱ የመጀመሪያው ፕለጊን ነው። ቀጥሎ ያንኑ የታመመ ፕለጊን ሌላ ሶፍትዌር ላይ፣ ወይም ራሱን ችሎ የሚከፈት ከሆነ ብቻውን ክፈቱት። እዚያ ደህና ከሆነ ችግሩ ፕለጊኑና ሶፍትዌሩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። በመጨረሻ ቴሌቪዥኑን ነቅላችሁ በላፕቶፑ ስክሪን ብቻ ሞክሩ። ይህን ሳያደርጉ ወደ መፍትሔ መሮጥ ቀኑን ይበላል።

ዛሬ ማታ መጨረስ ካለባችሁ፦ ያለ ሥዕል መሥራት

ሰዎች ይህን አማራጭ ይንቁታል። እኔ ግን አስቸኳይ ሥራ ሲኖር ከሁሉም አስቀድመዋለሁ። ብዙ ሶፍትዌሮች የፕለጊኑን ሥዕል ትተው መቆጣጠሪያዎቹን በተራ የስላይደር ዝርዝር ማሳየት ይችላሉ። ሪፐር ላይ ከፕለጊኑ መስኮት በላይ «ዩአይ» የምትለዋን በተን መጫን ነው። ኪዩቤዝ ላይ ከፕለጊኑ መስኮት ሜኑ «ጄኔሪክ ኤዲተር» ይመረጣል። ኤብልተን ላይ ፕለጊኑ ከታች ባለው ሳጥን ሲዘረጋ መቆጣጠሪያዎቹ ይወጣሉ፤ የሚፈልጉት ካልታየ «ኮንፊገር» ብሎ መጨመር ይቻላል። ኤፍኤል ላይ ከፕለጊኑ ሜኑ «ብራውዝ ፓራሚተርስ» ሲባል ዝርዝሩ በጎን ይከፈታል።

ዳታ አይፈልግም። ሪስታርት አይፈልግም። ምንም አያበላሽም።

ለኮምፕረሰር፣ ለሪቨርብ፣ ለዲሌይና ለተራ ኢኪው ይበቃል። ትሬሾልድ (ኮምፕረሰሩ ሥራ የሚጀምርበት መጠን) ምን ላይ እንደሆነ ቁጥሩ ይነግራችኋል። ማሲንቆ ሬከርድ አድርጋችሁ ጩኸቱ ጆሮ የሚወጋ ከሆነ አንዱን ባንድ ወደ ላይ አንሡ፣ ፍሪኩዌንሲውን ቀስ እያላችሁ ውሰዱት፣ በጣም የሚወጋበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ዝቅ አድርጉት። ይህ በስላይደርም በትክክል ይሠራል። እንዲያውም ዓይን ከሥዕሉ ሲለቀቅ ጆሮ ይበልጥ ይሠራል የሚል እምነት አለኝ።

የማይሠራበትም አለ። ድምፅ ቃና በቃና እየተጎተተ የሚስተካከልባቸው እንደ ሜሎዳይን ያሉት ያለ ሥዕል ዋጋ የላቸውም። ኮንታክት በሚባለው ማጫወቻ ላይ ሳምፕል (የተቀዳ የመሣሪያ ድምፅ) መርጦ መጫንም በስላይደር አይሆንም። የበገናን ዝርግ ዝዝታ ከታች ካለው ሃም (የኤሌክትሪክ ጉምጉምታ) ለመለየት የስፔክትረም ሥዕል የለመዳችሁ ከሆነም ይቸግራችኋል። ለእነዚህ ወደ ቀጣዩ እለፉ።

ከራሱ ከፕለጊኑ ሴቲንግ

መስኮቱ ጥቁር ከሆነ ወይም ከተንቀረፈፈ መጀመሪያ የሚፈለገው የግራፊክስ ማፍጠኛውን ማጥፊያ ነው። የፕለጊን ሠሪው ፋብፊልተር በሄልፕ ሜኑው ውስጥ አስቀምጦታል። ሌላው ሠሪ አይዞቶፕ በኦፕሽንስ ውስጥ ኦፕን ጂኤልን ማጥፊያ አለው። ሌሎችም በተለያየ ስም ይይዙታል። ሲጠፋ ሥዕሉን የሚስለው ፕሮሰሰሩ ይሆናል። ዋጋው ይህ ነው፦ ትንሽ የሲፒዩ ጉልበት ይወስዳል። ብዙ ትራክ ያለው ፕሮጀክት ላይ ሃያ የፕለጊን መስኮት ባትከፍቱ ይሻላል። ያለበለዚያ ግን አንድ ፕለጊን ብቻ የሚነካ፣ መልሶ ማብራት የሚቻል፣ ንጹሕ መፍትሔ ነው።

ሁለተኛው የመጠን ጉዳይ ነው። ብዙ ሁለተኛ እጅ ላፕቶፖች ስክሪናቸው 1366 በ768 ነው። በዚህ ላይ ዊንዶውስ 125 ፐርሰንት ከተደረገ ለሥራ የሚቀረው ቦታ 1093 በ614 ያህል ብቻ ይሆናል። ትልቅ ፕለጊን ቁመቱ ከዚያ ካለፈ ታችኛው ጥግ ይቆረጣል። መጠን መቀነሻው ብዙ ጊዜ ያለው ደግሞ እዚያው የተቆረጠው ጥግ ላይ ነው። መውጫው ለጊዜው ዊንዶውስን ወደ 100 ፐርሰንት መመለስ ወይም ላፕቶፑን ፉል ኤችዲ ቴሌቪዥን ላይ መሰካት ነው። ከዚያ ፕለጊኑን አሳንሱትና ያንን መጠን እንደ መነሻ አስቀምጡት። ታስክባሩን ራሱን እንዲደብቅ ማድረግም ጥቂት ቦታ ያስገኛል።

ከሙዚቃው ሶፍትዌር፦ ስኬል ወይስ ለብቻ ማስኬድ?

እዚህ ጋ ሁለት ሰፊ ምርጫ አለ። ሰዎች ያምታቷቸዋል።

የመጀመሪያው የአንዱን ፕለጊን ስኬል መለወጥ ነው። ኤብልተን ላይቭ በዊንዶውስ ላይ የፕለጊኑን ርእስ ራይት ክሊክ ስታደርጉት «ኦቶ ስኬል ፕለጊን ዊንዶው» የሚል ምርጫ ያመጣል። ፕለጊኑ ትልቅና ደብዛዛ ከሆነ አጥፉት። በጣም ትንሽ ከሆነ አብሩት። ለስኬል ችግር ከዚህ የቀለለ አላውቅም።

ሁለተኛው ፕለጊኑን ከሶፍትዌሩ አውጥቶ በራሱ ፕሮሰስ፣ ማለትም እንደ ሌላ ፕሮግራም ለብቻው፣ ማስኬድ ነው። ኤፍኤል ላይ ከፕለጊኑ መስኮት ባለ ጥርስ ጎማ ምልክቷን ተጭናችሁ «ሜክ ብሪጅድ» የሚለውን ታገኛላችሁ። ሪፐር ላይ ፕለጊኑን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ በተለየ ፕሮሰስ እንዲሄድ ትመርጣላችሁ። ይህ የሚጠቅመው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ፕለጊኑ ሲሞት ሙሉ ፕሮጀክቱን ይዞ የሚሞት ከሆነ። ሁለተኛ፣ ፕለጊኑና ሶፍትዌሩ በስኬል ካልተስማሙ፤ ለብቻው ሲሄድ የራሱን ስኬል ይይዛል።

ዋጋው ከመጀመሪያው ይከብዳል። እያንዳንዱ ለብቻው የሚሄድ ፕለጊን ተጨማሪ ራም ይፈልጋል። 4 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ አሥር ፕለጊን እንዲህ ማድረግ አያዋጣም። መስኮቱም አንዳንዴ ከዋናው ኋላ ይደበቃል፣ ወይም ኪቦርዱን አይቀበልም። ስለዚህ ለታመመው ለአንዱ ብቻ እንጂ ለሁሉም አታድርጉት።

ባለ 32 ቢት ፕለጊን ባለ 64 ቢት ሶፍትዌር ላይ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሳታውቁት በብሪጅ (ሁለቱን በሚያገናኝ የተለየ ፕሮሰስ) ውስጥ ናችሁ። ብልጭ ድርግም የሚለው መስኮት፣ ከኋላ የሚደበቀው መስኮት፣ ብዙ ጊዜ መነሻው ይህ ነው። የፕለጊኑ ባለ 64 ቢት ካለ እሱን መጫን ከማንኛውም ሴቲንግ ይበልጣል።

ቪኤስቲ2 ወይስ ቪኤስቲ3?

ቪኤስቲ ፕለጊኑና ሶፍትዌሩ የሚግባቡበት መደበኛ ቅርጽ ነው። ስታይንበርግ የተባለው ድርጅት ያወጣው በ1996 ነው። ቪኤስቲ3 የመጣው በ2008 ሲሆን በ2018 ደግሞ ድርጅቱ የቪኤስቲ2ን መሥሪያ ለአዲስ አልሚዎች መስጠት አቆመ። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ልዩነት አንድ ነው። በቪኤስቲ3 ሶፍትዌሩ ለፕለጊኑ «ስክሪኑ በዚህ ያህል አድጓል» ብሎ የሚነግርበት መደበኛ መንገድ አለ። በቪኤስቲ2 የለም፤ እያንዳንዱ በግምት ይሄዳል።

ስለዚህ ችግራችሁ የስኬል ከሆነና ፕለጊኑ በሁለቱም ካለ ቪኤስቲ3ን ምረጡ። ጥቁር መስኮት ከሆነ ግን መቀየሩ ላይረዳ ይችላል፤ ሁለቱም ያንኑ ኦፕን ጂኤል ይጠቀማሉና። አልፎ አልፎ በተቃራኒው ቪኤስቲ3ው ታሞ ቪኤስቲ2ው ደህና የሚሆንበትም አለ። መሞከር ምንም አያስከፍልም።

ጥንቃቄው እዚህ ነው። የተጀመረ ፕሮጀክት ላይ ቪኤስቲ2ን አጥፍታችሁ ቪኤስቲ3ን ብትተኩ ያስተካከላችሁት ሁሉ አብሮ ላይመጣ ይችላል። መጀመሪያ በፕለጊኑ ውስጥ ፕሪሴት አድርጋችሁ አስቀምጡ። አዲሱን ጎን ለጎን ክፈቱ፣ ፕሪሴቱን ጫኑበት፣ ድምፁ አንድ መሆኑን ስሙ። አሮጌውን ከዚያ በኋላ አጥፉ። ኦቶሜሽን (ዘፈኑ ሲሄድ ራሱ የሚንቀሳቀስ ማስተካከያ) ካለም እንደገና ማሳየት ሊያስፈልግ ይችላል። ለአዲስ ሥራ ቪኤስቲ3፣ እየተጠናቀቀ ላለ ሥራ የነበረው ይቀጥል እላለሁ።

ከዊንዶውስ፦ ሦስቱ የስኬል ምርጫዎች

እዚህ የምታደርጉት ሁሉንም ፕለጊን ይነካል። ምክንያቱም ፕለጊን የሚኖረው በሶፍትዌሩ ሆድ ውስጥ ነው፤ ዊንዶውስ የሚያየው ሶፍትዌሩን ነው። የሶፍትዌሩን አይኮን ራይት ክሊክ አድርጉ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ኮምፓቲቢሊቲ»፣ ከዚያ «ቼንጅ ሃይ ዲፒአይ ሴቲንግስ»። ከታች ያለውን ሳጥን ምልክት ስታደርጉበት ሦስት ምርጫ ይመጣል።

«አፕሊኬሽን» ማለት ዊንዶውስ እጁን ያነሣል፣ ፕሮግራሙ ራሱ ይወቅ ማለት ነው። ሥዕሉ ጥርት ይላል። የድሮ ፕለጊን ግን ትንሽ ሆኖ ይቀራል። «ሲስተም» ማለት ዊንዶውስ ሁሉንም ለጥጦ ያሳድጋል። መጠኑ ይስተካከላል፣ ክሊኩም ቦታውን ይይዛል፣ ግን ይደበዝዛል። «ሲስተም ኢንሃንስድ» የሚለው በ2017 የመጣ ነው፤ ለጥጦም ጽሑፉን ጥርት ለማድረግ ይሞክራል። ችግሩ የሚሠራው ለድሮው የዊንዶውስ አሳሳል ብቻ መሆኑ ነው። በኦፕን ጂኤል የተሳለውን ፕለጊን አያጠራውም።

ክሊኩ ቦታ ለሳተበትና ለተቆረጠ መስኮት እኔ «ሲስተም»ን እመርጣለሁ። መደብዘዙ ዓይን ያደክማል፣ ግን ሥራ ያሠራል። ሁሉም ነገር ደብዝዞ የመጣ ከሆነ በተቃራኒው «አፕሊኬሽን»ን ሞክሩ። ሦስተኛውን በመጨረሻ። ከለወጣችሁ በኋላ ሶፍትዌሩን ዘግታችሁ ክፈቱት። አንድ ነገር አትርሱ፦ በብሪጅ የሚሄደው ፕለጊን በሌላ ፕሮግራም ስም ስለሚሄድ ይህ ለውጥ አይደርሰውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቀላሉ ጥያቄ አለ። 125 ፐርሰንቱ ያስፈልጋችኋል? 1366 በ768 ስክሪን ላይ መልሴ አያስፈልግም ነው፤ 100 ላይ ይቀመጥ። 1920 በ1080 በሆነ 15 ኢንች ላፕቶፕ ላይ ግን 100 ፐርሰንት ለዓይን ያደክማል። በ125 ፐርሰንት 1536 በ864 ያህል ቦታ ይቀራል፣ ይህም ይበቃል። ቴሌቪዥን የምትጠቀሙ ከሆነ የሁለቱን ስክሪን ስኬል አንድ አድርጉት። ላፕቶፑ 125፣ ቴሌቪዥኑ 100 ሲሆን ፕለጊኑን ከአንዱ ወደ ሌላው ስትጎትቱት የሚደርሰው መዘበራረቅ መነሻው ይህ ልዩነት ነው።

መብራት ሲጠፋ የሚጠቁር መስኮት

ይህ የእኛን አገር ሁኔታ በደንብ ይመለከታል። አንዳንድ ላፕቶፖች ሁለት ግራፊክስ አላቸው፤ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር ያለው የኢንቴል፣ ሌላው ለብቻው ያለ ኤንቪዲያ ወይም ኤኤምዲ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ይዞራል። ኃይል ለመቆጠብ ሲል ግራፊክሱን ሊያዘገይ ወይም ሊያቀያይር ይችላል። ተከፍቶ የነበረው የፕለጊን መስኮት በዚህ መሐል ሥዕሉን ያጣል።

ለጊዜው የሚበቃው የፕለጊኑን መስኮት ብቻ ዘግቶ መክፈት ነው። ካልሆነ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ የተባሉትን አራት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። ስክሪኑ አንዴ ጨለም ብሎ ይመለሳል። የግራፊክስ ድራይቨሩን እንደገና አስነሣችሁት ማለት ነው። ከዚያ በፊት ግን ፕሮጀክቱን ሴቭ አድርጉ።

ለዘለቄታው ሶፍትዌሩን በአንድ ካርድ ላይ ማሰር ነው። «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ዲስፕሌይ»፣ «ግራፊክስ»፤ እዚያ የሙዚቃ ሶፍትዌራችሁን ጨምሩና ምረጡለት። «ፓወር ሴቪንግ» የኢንቴሉ ነው፣ «ሃይ ፐርፎርማንስ» የትልቁ ካርድ። ለሙዚቃ ሥራ ትልቁ ካርድ ድምፁን አያሻሽለውም። ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ የኢንቴሉን እመርጣለሁ። ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ባትሪውም ይቆያል። የኢንቴሉ በጣም አሮጌ ከሆነና ፕለጊኑ እሱ ላይ ጥቁር ከሆነ ብቻ ወደ ትልቁ ሂዱ።

ድራይቨር፦ ማዘመን፣ መመለስ ወይስ መተው?

አሁን የፎርማቱን ነገር ልጨርስ። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ የግራፊክስ ድራይቨር ሳይጫንለት ሊቀር ይችላል። በተለይ ኢንተርኔት ባልነበረበት ሰዓት። ስክሪኑ ግን ይሠራል። ዴስክቶፑ ይታያል፣ ቪዲዮም ይከፈታል። ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ክፈቱና «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» ሥር እዩ። «ማይክሮሶፍት ቤሲክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካያችሁ ምክንያቱን አገኛችሁት። እሱ የሚደግፈው ኦፕን ጂኤል 1.1 ብቻ ነው። ዘመናዊ ፕለጊን በዚያ መሳል አይችልም። ፎርማት ተደርጎ «አሁንም ጥቁር ነው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

እዚያ ላይ ከሆናችሁ ምርጫ የለም፤ ድራይቨሩን ጫኑ። የላፕቶፑ ሠሪ ለዚያ ሞዴል ያወጣውን አስቀድሙ። ብዙ ጊዜ አሮጌ ነው፣ ግን ለዚያ ላፕቶፕ የተሞከረ ነው። በእሱ ካልተስተካከለ ካርዱን ከሠራው ድርጅት አዲሱን አውርዱ። የኤንቪዲያ ድራይቨር ብዙ መቶ ሜጋባይት ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዳችሁ በፍላሽ አምጡት። ያንን ፋይልም አታጥፉ፣ ሌላ ጊዜ ይፈለጋል።

ድራይቨሩ በትክክል ተጭኖ ከሆነስ? ችግሩ የጀመረው ከዊንዶውስ አፕዴት ማግሥት ከሆነ ማዘመን ሳይሆን መመለስ ነው የሚሻለው። እዚያው «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ ካርዱን ከፍታችሁ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለውን ተጫኑ። ዳታ አይፈልግም። ችግሩ የጀመረው አዲስ ፕለጊን ስትጭኑ ከሆነ ግን ማዘመን ይሻላል።

አንዳንድ ላፕቶፕ ግን በድራይቨር አይድንም። በ2011 የወጡት ሁለተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ያለው ኤችዲ 3000 ከኦፕን ጂኤል 3.1 አያልፍም፣ ኢንቴልም ለዊንዶውስ 10 ይፋዊ ድራይቨር አላወጣለትም። ኤችዲ 4000 በ4.0 ያበቃል። ፕለጊኑ ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ከሆነ ዳታችሁን አትጨርሱ። የፕለጊኑን መስፈርት ከመግዛታችሁ ወይም ከማውረዳችሁ በፊት አንብቡ። ላፕቶፕ ለመግዛት ለምታስቡም ይኸው ነው፦ ሻጩ ስለ ራምና ስለ ሃርድ ዲስክ ብቻ ያወራል፣ እናንተ የግራፊክሱን ትውልድ ጠይቁ።

ፕለጊኑን መተካት

ሁሉም ካልሠራ ፕለጊኑን መለወጥ ሽንፈት አይደለም። የሪፐር ሠሪ ኮኮስ ያወጣው ሪፕለግስ የሚባል ነፃ ስብስብ አለ፤ ለዊንዶውስ ነው፣ ቪኤስቲ በሚቀበል ሌላ ሶፍትዌር ላይም ይሠራል። ሪኢኪውና ሪኮምፕ ውበት የላቸውም። ግን ፋይላቸው ትንሽ ነው፣ ግራፊክስ አይጠይቁም፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይከፈታሉ። ለአንድ ማሲንቆ፣ ለአንድ ከበሮና ለአንድ ድምፅ ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ነገር ብዙ አይደለም። ቲዲአር ኖቫ የሚባለው ኢኪውም ነፃ ነው፣ የስፔክትረም ሥዕልም አለው።

ክራክ ስለተደረጉት፣ ማለትም ላይሰንሳቸው ተሰብሮ ሳይከፈልባቸው ስለሚዞሩት ፕለጊኖች፣ በግልጽ ልናገር። ብዙዎቻችን ዘንድ የሚገኙት እነሱ ናቸው። በአብዛኛው በአንድ አሮጌ ቨርዥን የቀሩ ናቸው። ሠሪው የስክሪኑን ችግር በአፕዴት ቢያስተካክለውም ማስተካከያው ለእናንተ አይደርስም። ሠሪውን ርዳኝ ማለትም አይቻልም። ነፃውና ሕጋዊው ከዚህ አንጻር ብቻ እንኳ ይሻላል።

ማክ ለያዛችሁ

አጭር ነው። አፕል ኦፕን ጂኤልን በ2018 «ወደፊት አይቀጥልም» ከሚባሉት ወገን አድርጎታል፤ አሮጌ ፕለጊኖች አዲስ ማክ ላይ የሚንቀረፈፉት በከፊል ከዚህ ነው። ሎጂክ በሚባለው የአፕል የሙዚቃ ሶፍትዌር ላይ ከፕለጊኑ መስኮት አናት ካለው ሜኑ «ኤዲተር» የሚለውን ወደ «ኮንትሮልስ» ብትቀይሩት ያለ ሥዕል ይከፈታል። ከ2020 ወዲህ በመጡት ኤም1ና ከዚያ በኋላ ባሉት ላይ ደግሞ ፕለጊኑ ለአዲሱ ፕሮሰሰር የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ። ካልሆነ ሶፍትዌሩን በሮዜታ (ለድሮው ፕሮሰሰር የተሠራውን ለአዲሱ በሚተረጉመው) ከፍቶ መሞከር አለ፣ ግን ሁሉም ፕለጊን ይከብዳል። ለአንድ ፕለጊን ሲባል አላደርገውም።

ለሠሪው መጻፍ

ፕለጊኑን ገዝታችሁ ከሆነ ይህ መብታችሁ ነው። ነፃም ቢሆን ብዙዎች መልስ ይሰጣሉ። «አልሠራም» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። የፕለጊኑን ቨርዥን፣ ቪኤስቲ2 ይሁን 3፣ የሶፍትዌሩን ስምና ቨርዥን፣ የዊንዶውሱን፣ የግራፊክስ ካርዱን ስምና የድራይቨሩን ቀን፣ የስክሪኑን መጠንና ስኬሉን ጻፉ። ስንት ስክሪን እንደተሰካም ግለጹ። ፎቶውን በስልክ አንሡት፤ ስክሪንሹት አንዳንዴ ጥቁሩን በትክክል አያሳይም። ከላይ ካሉት ሦስት ሙከራዎች የትኛው ምን እንዳሳየ አንድ አንድ መስመር ጨምሩ። መልሱ እስኪመጣ ፕለጊኑን አታውጡት፤ ፕሮጀክቱ ላይ እንዳለ ትራኩን ፍሪዝ አድርጉና (ለጊዜው ወደ ድምፅ ፋይል ለውጡትና) ሚክሱን ቀጥሉ።